ጥቁር ቀለም ከሞጣ

«እኔ ልጄን ቀለም አስቆጥሪልኝ አልኩሽ እንጂ ቀለም ቀቢልኝ አልኩሽ?»

ይህን ያለችኝ አንዲት እናት ናት፤ ቢቸና ውስጥ፣ የማስተምርበት የኦ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ የልጇን ነጭ ሹራብ አፍንጫዬ ድረስ ዘርግታ። ሹራቡ ደረቱ ላይ ቢጫ፣ እጅጌው ላይ ቀይ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ አምስቱም ጣት የሚታይበት የከሰል አሻራ ነበረው። የማን ጣት እንደሆነ የሚያውቀው አንድ እግዚአብሔር ነው። «በሳሙና ይለቃል» አልኳት። «እንግዲያው አንቺ እጠቢዋ!» ብላ ሹራቡን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራልኝ ሄደች። አጠብኩት። ከሰሉም ቀዩም ለቀቀ፣ ቢጫው እምቢ አለ። የእርድ ነገር እንኳን ከሹራብ ከጥፍርም አይለቅ።

የማወራው ስለ ልጆች ቀለም ይመስላል እንጂ ስለ አባቴ ዓይንም ነው። ያን ሰሞን በአንድ በኩል ቢቸና ላይ ጥቁር ቀለም አምጪ እያሉ የሚነዘንዙኝ ሕፃናት፣ በሌላ በኩል ሞጣ ላይ ዓይኔን አልታከምም ብለው የደረቁ አባት ነበሩኝ። ሁለቱ ተባብረው ጨጓራዬን ላጡት።

መምህራን በአካባቢያቸው ከሚያገኙት ነገር የመማሪያ መርጃ ያዘጋጁ የሚባል ነገር አለ። ማለቱ አፍ አያሳምም። ስልጠናም ሰጥተውናል። ያሠለጠነን ሰውዬ ስላይድ እያሳየ «አካባቢያችሁ ሀብት ነው፣ አካባቢያችሁ ሀብት ነው» ሲለን ዋለ፤ ለማሳያ ያመጣው ከለር ግን ገና ከሱቅ ማሸጊያው አልወጣም ነበር። አጨበጨብንለት፣ ሻይ ጠጣን፣ ተበተንን።

እኔ ያኔ የሰማሁትን እዚያው አዳራሽ ትቼው ነበር የወጣሁት። ያስታወሰኝ ችግር ነው። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ የሚመጣው ዕቃ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው የልጅ ነገር ነው። ዘይት ይመጣል፣ ሲሚንቶ ይመጣል፣ ቢራማ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ከለር ግን የለም። ቢቸና ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኳቸው። አንዱ ባለሱቅ «ለሕፃን ነው እንዴ? ታዲያ ምን ያስቸኩላል፣ አድገው አይደርሱበትም?» አለኝ። ደሜ ፈልቶ «ተወው፣ ራሴ እሠራዋለሁ!» ብዬው ወጣሁ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ቢጫውን ከእርድ፣ ቀዩን ከቀይ ሥር፣ አረንጓዴውን ከጎመን ቅጠል፣ ቡናማውን ከቀይ አፈር አወጣሁ። ሰማያዊ ከየት ይምጣ? ሰማያዊ ቀረ፤ ልጆቹም ሰማዩን ነጭ አድርገው ተዉት። ከስንዴ ዱቄት ሙጫ አበሰልኩ። ሙጫውን በሉት። በልተውም ዝም አላሉ፤ «ቲቸር፣ ጨው የለውም» አሉኝ። እንዳይልሱት ብዬ በማግስቱ ሬት ጨመርኩበት፤ አንዱ ልሶት እስከ ምሳ ሰዓት አለቀሰ፣ እናቱም ቲቸሯ ልጅሽን መርዝ አበላችው ተብሎ ተነግሯት እየበረረች መጣች። እሷን ለማሳመን ራሴ አንድ ማንኪያ ሙጫ ፊቷ ዋጥኩ። ቀይ ሥሩ ደግሞ ሁለት ቀን አድሮ ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን ስትጠርግ «ምን ሞቶብሽ ነው?» ብላ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

ብሩሹስ? ለብሩሽ እኛ አገር ከመፋቂያ የተሻለ ምን አለ? ጫፉ የላላ የወይራ መፋቂያ ቀለም ይይዛል፣ መስመሩም ያምራል። በራሴ ብልሃት ተደንቄ ከገበያ አንድ እቅፍ አመጣሁ፣ ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጬ ለእያንዳንዱ ልጅ አደልኩ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? መፋቂያ ነዋ! የእርዱ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው ጥርሳቸውን ፋቁበት። ክፍሉ በሙሉ ቢጫ ጥርሱን እያሳየ ወደ ቤቱ ሄደ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ ሲሸኛቸው አየና «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነበር።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎኝ ወደ ቢሮው ገባ። ተረቱ ልጆቹን ይሁን እኔን እንደሚነካ አልነገረኝም። ብቻ የያዝኩትን መፋቂያ ከኋላው ብወረውርበት በወደድኩ።

ይህ ሁሉ ግን ከጥቁሩ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ለጥቁሩ ከሰል ወቀጥኩ፣ በሙጫ ለወስኩት። ሲደርቅ ይረግፋል፤ ረግፎም ልብስ ላይ እንጂ ወረቀት ላይ አይቀርም። ከዚያ ሹራብ በኋላ ከሰሉን እርም አልኩና «በሉ ያለ ጥቁር ሥሩ» አልኳቸው። ሠሩ። ወረቀቱን ስሰበስብ ያ የሣሉት ሰው ሁሉ፣ እናቱም አባቱም፣ ቄሱም ፖሊሱም፣ ዓይን የለውም። አፍ አለው፣ ጆሮ አለው፣ ቀበቶ ሳይቀር አለው። ዓይን ግን የለውም።

«ዓይናቸውስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት የባጃጅ ሹፌር ልጅ አለች፣ ምላሷ የማያርፍ። «ቲቸር ደግሞ! ዓይንማ ጥቁር ነው። በቢጫ ዓይን ልናደርግለት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መከራዬ ነው። ጠዋት ስገባ «ጥቁሩስ?» ለእረፍት ስንወጣ «ጥቁሩስ?» ታቦት ይዤ የማልኩላቸው ይመስል «ነገ አመጣለሁ ብለሽን አልነበር?»

ጥቁር ቀለም ደግሞ የማውቀው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ አባቴ ጋ።

አባቴ ሞጣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ቅኔም አስተምረዋል፤ ሞጣ ላይ ሰው ሁሉ «የኔታ» እያለ ጉልበታቸውን ስሞ ነው የሚያልፈው። ቀለማቸውን ከሱቅ ገዝተው አያውቁም። የምጣድና የድስት ጥላሸት ይሰበስባሉ፣ አሳርረው የቆሉትን ገብስ ይወቅጣሉ፣ ቅጠል ይጨምራሉ፣ እንስራ ውስጥ በውሃ ዘፍዝፈው በየቀኑ እያማሰሉ ለወራት ያቆዩታል። ሲደርስ ይሸታል፤ ልጆች ሆነን በዚያ በኩል የምናልፈው አፍንጫችንን ይዘን ነበር። ብራና ላይ ሲያርፍ ግን የቁራ ላባ ነው፣ የጻፈው ሰው ያልፋል እንጂ እሱ አያልፍም።

እኔ ግን ያን ሰሞን ሞጣ የምመላለሰው ለቀለም አልነበረም። የአባቴን ሁለት ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸዋል። ነጩ ነገር ብሌናቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለኔ ማለቴ ነው። እሳቸውን ብትጠይቋቸው «ማየትስ አያለሁ» ነው መልሳቸው። ደጃፋቸው ላይ ስቆም «ማን ነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ» ስላቸው «ማወቅስ አውቄሻለሁ፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ይሉኛል። ብራና ላይ መስመሩ በወስፌ የተሰመረ ስለሆነ በጣታቸው እየዳበሱ ዛሬም ይጽፋሉ። ምድጃው አጠገብ ተደናቅፈው እጃቸው ከተቃጠለ ወዲህ ምድጃውን አስነቅዬ የኤሌክትሪክ አስገባሁላቸው። በዚያም ተጣልተናል። «እሳት የሌለው ቤት ቤት ነው?» ብለው አንድ ሳምንት አኮረፉኝ።

እንዲህ እያልን የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ሞጣ መጥተው ሞራ በነፃ ሊገፍፉ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እንዲህ ያለ ዕድል በየጊዜው አይመጣም፤ ካመለጠ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ነው፣ መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። የማውቃት አንዲት ነርስ «የአባትሽ በጣም ቆይቷል። አሁን ካልተነሣ በኋላ ቢነሣም ላያዩ ይችላሉ» አለችኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? በስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ሞራ ገላጭ ዘንድ አልሄድም።»

ሞራ ገላጭ ማለት የታረደ በግ ሞራ ዘርግቶ መጪውን አያለሁ የሚል ጠንቋይ ነው። ሐኪሙም የሚገልጠው ሞራ ነውና በአንድ ቃል ሐኪሙን ጠንቋይ፣ እኔን የጠንቋይ ደላላ አድርገውን ቁጭ አሉ። ሳቅ አመለጠኝ። ስቄ ደግሞ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም እሳቸው ዘንድ የሳቀ ተሸነፈ ነው። ከቅኔ መምህር መወለድ እንዲህ ነው፤ አባትሽ ዓይናቸው እየጠፋ አንቺ ትስቂያለሽ።

ሐኪሞቹ ሊገቡ ሳምንት ገደማ ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ ሄድኩ። ወይ አባቴን አሳምናለሁ፣ ወይ ቢያንስ ጥቁር ቀለም ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ጎማውን ያፈነዳነው እኛ ይመስል ሲቆጣን፣ ረዳቱ ክሪክ ፍለጋ ሲዞር፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ረፈደ። ሞጣ ስደርስ ራሴም ለመፈንዳት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የአባቴ ቤት ጨለማ ነው። ብርሃን ቀለም ያጠወልጋል ብለው መስኮቱን ከዘጉት ቆይቷል። ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንስራውን በእንጨት ያማስላሉ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ማወቅስ…»

«አዎ፣ ድምፄን ሊሰሙ ነው። እንደምን ሰነበቱ? ሐኪሞቹ ሰኞ ሳምንት ይገባሉ።»

«ይግቡ። አገሩ የሁላችን ነው።»

«እርስዎም ይግቡላቸው እንጂ!»

«ይኼን ማን ሊያማስልልኝ? መድረሻው ነው። ቀለም አሁን ጥለውት ቢሄዱ ይቀየማል።»

ቀለም ይቀየማል! እግዚኦ! ሰው ሐኪም ፈርቶ ስንት ሰበብ ሲያመጣ ሰምቻለሁ፤ ቀለም እንዳይቀየመኝ ብሎ የቀረ ግን ከአባቴ በቀር አላውቅም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ የሟች እናቴን ስም ጠርቼ ተማጸንኩ። እሳቸው ማማሰል ብቻ። በመጨረሻ ሰለቸኝ።

«እሺ፣ እንግዲያው የደረሰ ካለ ለልጆቼ ትንሽ ይስጡኝ። ጥቁር አጥቻለሁ። ሰውን ሁሉ ያለ ዓይን ነው የሚሥሉት።»

እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። ያ ቀለም ለጸሎት መጽሐፍ እንጂ ለልጅ መጫወቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ጣቴን ነክሬበት ተገርፌበታለሁ። እሳቸው ግን ማማሰሉን አቆሙ።

«ያለ ዓይን?»

«ዓይን ጥቁር ካልሆነ አንሠራም አሉኝ።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አምስትም ስድስትም።»

«ፊደል ለይተዋል?»

«ገና ናቸው።»

«እሱ ነው ደጉ» አሉ። ምኑ ደግ እንደሆነ እንጃ። እንኳን ሊያስረዱኝ ጭራሽ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግድግዳውን እየዳበሱ አሮጌ የዘይት ጀሪካን አወጡ፣ ከእንስራው በቅል እየቀዱ ሞሉት፣ አፉን በጨርቅ ወትፈው በክር ጠፍረው አሰሩት።

«መንገድ ላይ እንዳትከፍቺው፣ ይበላሻል» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «ደግሞ ልጆቹ የሚሉትን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ መጥተሽ ንገሪኝ። አንቺ የምትዪውን አይደለም፣ ልጆቹ የሚሉትን።»

«ልጆች ምን ይላሉ ብለው ነው አባባ? ልጆች ናቸው!»

«ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ።»

«ሐኪሙስ?» ብላቸው ወደ እንስራቸው ተመለሱ። እኔም በሩን ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጌ ዘግቼው ወጣሁ።

ያን ጀሪካን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ቢቸና የመጣሁበትን መንገድ አልረሳውም። ከጨርቁ ሥር ሽታው ያመልጣል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ጫማውን አየ፣ ቀጥሎ የኔን ጫማ አየ፣ ከዚያ ወንበር ቀየረ። «ቀለም ነው» ብዬ ብናገር ማን ያምነኛል? ሽታው ግን የልጅነቴ ሽታ ነውና እኔን አስደሰተኝ፤ ቢያንስ በአንዱ ተሳካልኝ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት «ጥቁር መጣ!» ሲባል ክፍሉ ሠርግ ቤት ሆነ። በጠርሙስ ክዳን እየቀዳሁ አደልኳቸው። ስቀዳው ቀጠን ያለ መሰለኝ፤ ሲደርቅ ይጠቁራል ብዬ ዝም አልኩ። ያቺ የባጃጅ ሹፌር ልጅ አባቷን ሥላለች፤ ቢጫ ፊት፣ ቀይ ከንፈር፣ ሰማያዊ ስለሌለ ቡናማ የሆነ ባጃጅ። ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንዱን ዓይን አደረገችለት፣ ሁለተኛውን አደረገችለት። እንዲደርቅ እፍ እፍ አለችበት። እፍ ባለች ቁጥር ዓይኑ እየሳሳ ሄዶ ከወረቀቱ ላይ ድራሹ ጠፋ።

«ቲቸር!» ብላ ጮኸች። «ዓይኑ ጠፋ!»

ሌሎቹም ወረቀታቸውን አነሡ። «ቲቸር፣ የኔም ዓይኑ ጠፋ!» «የኔም አባባ ዓይኑ ጠፋ!» ክፍሉ በአንድ አፍ የሚያለቅስ የሚጮኽ ሆነ። ልጅቷ ክዳኑን አንሥታ አሸተተችና ፍርዷን ሰጠች።

«ይሄኮ ውሃ ነው። የሸተተ ውሃ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አታለሉኝ! አልሰጥም ማለት አቅቷቸው የእንስራ እጣቢ አሸክመው ላኩኝ! ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ልደፋው ጓሮ ወጣሁ። ዘንበል ሳደርገው እጄ ላይ ፈሰሰና አየሁት። የእጄ መስመር ላይ የቀረው ግራጫ ነው። አመድ ነው። የጥላሸት ቀለም እጅ ላይ ሲቀር አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ በአሸዋ ፈትገውልኛል። ደግሞም አባቴ በሐኪም ይቀልዳሉ፣ በኔ ይቀልዳሉ፤ በቀለም አይቀልዱም። እንግዲያው ያን አመድ ለወራት ያማሰሉት ጥቁር መስሏቸው ነው። «ማየትስ አያለሁ» እያሉ! እዚያው ጓሮ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ እንደገና ሞጣ ነኝ። ሐኪሞቹ ሰኞ ይገባሉ። ወደ አባቴ ከመግባቴ በፊት ምግብ የምታበስልላቸውን ጎረቤታቸውን ያዝኳት። የኔው እኩያ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው።

«ለአባባ ጥላሸት የምትሰጪያቸው አንቺ ነሽ?»

ፊቷ ልውጥ አለ። «ምን ላድርግ እህቴ? ኤሌክትሪክ ካስገባሽላቸው ወዲህ ድስቱ ምኑ ይጥቆር፣ ገብሱስ መች ያራል? የኔም ቤት በኤሌክትሪክ ሆኗል። የኔታን የሚያህል ሰው ጥላሸት ስጪኝ ብለውኝ የለም እላለሁ? በምን አፌ? የከሰል ማንደጃውን አመድ እየነፋሁ ሰጠኋቸው። በእጃቸው ሲያሹት ‹ደግ ልም ነው› አሉኝ።»

«የሚጽፉትስ? ዲያቆናቱ እየመጡ የሚወስዱት?»

«ይወስዱታላ። ጉልበታቸውን ስመው ‹ግሩም ነው የኔታ፣ እጅዎ ይባረክ› ብለው ይወስዱታል።»

«ባዶ ብራና?»

«ባዶስ አይባልም፣ ጠጋ ብሎ ላየው…» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ይሉኝታ! አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው አንድ ሽማግሌ አለማየታቸውን ላለመንገር ተማምሎ ተቀምጧል። ክብር ነው አሉ። እንዲህ ያለው ክብር ገደል ይግባ! ሰው እየጠፋ ጉልበቱን ይስሙታል። ጮኼ ልናገራት ነበር፤ ግን ምን ብዬ? እሷም የምታለቅስ መሰለችኝና ትቻት ገባሁ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ያን ቀን ማወቅስ አውቄሻለሁ አላሉኝም። ማማሰያውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ልጆቹ ምን አሉ?»

መንገድ ሙሉ ያሰላሰልኩት ሌላ ነበር። እነግራቸዋለሁ፣ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን «ደስ አላቸው አባባ፣ በጣም ነው የወደዱት» የሚል ነው። ጎረቤቲቱን ስረግም ቆይቼ! እኔም ለካ የሞጣ ልጅ ነኝ።

«እሱን ዲያቆናቱም ይሉኛል» አሉ። «እኔ የጠየቅሁሽ ልጆቹን ነው። ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ።»

በምን አንደበት ነው ለወለደ አባት እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው? ግን በዚያው ልክ ተናድጃለሁ፤ በእንስራው፣ በአመዱ፣ በዲያቆናቱ፣ በራሴ። ያናገረኝ ንዴቱ ነው።

«‹ዓይኑ ጠፋ› አሉ። ሁሉም። ‹የኔም ዓይኑ ጠፋ፣ የኔም አባባ ዓይኑ ጠፋ› እያሉ አለቀሱብኝ። አንዷ ደግሞ ‹ይሄኮ የሸተተ ውሃ ነው› አለች።»

ማማሰያው እንስራው ውስጥ ቆመ። ልጆቹ ያሉት ስለ ወረቀቱ ሰው ነው። አባቴ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰምና ወርቅ ሲለዩ የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱንም በአንዴ ነው የሰሙት።

«ዓይኑ ጠፋ» አሉ ለራሳቸው፣ ድሮ የተማሪ ቅኔ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ቀስ ብለው። «ማን ናት መጀመሪያ ያለችው?»

«አንዲት የባጃጅ ሹፌር ልጅ።»

«ፊደል ያልለየች?»

«ሀሁንም አልጨረሰች።»

«አየሽ፣ ገና ሰው ማፈር አልተማረችም። መጠርጠርስ ከጠረጠርኩ ቆየሁ። ማንን ልጠይቅ? ዲያቆናቱን ብጠይቅ ግሩም ነው። ጎረቤቴን ብጠይቅ ግሩም ነው። አንቺን ብጠይቅ አሁን የሰማሁትን ነው። ልጆች ዘንድ መላክ ነው የቀረኝ።»

«ጠርጥረው ነው የሰጡኝ? እና እኔ በዚያ በተሰባበረ መንገድ ያን ግማት ታቅፌ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ አስለቅሼ…»

«ልጆቹን ይቅርታ በይልኝ።»

«እኔንስ?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ» አሉ። ይኼ መልስ ነው? በሕግ አምላክ፣ ይኼ መልስ ነው?

ማማሰያውን አውጥተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ደጅ አውጥተሽ ድፊልኝ» አሉ። እንስራውን እየጎተትኩ አወጣሁት፣ በረንዳው ድንጋይ ላይ ደፋሁት። የወራት ልፋት በአንድ አፍታ ወደ አጥሩ ወረደ። በሩ ላይ መጥተው ቆሙ፣ አንድ እጃቸው መቃኑን እንደያዘ።

«ድንጋዩ ጠቆረ?»

«አልጠቆረም አባባ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው» አሉ፣ «ወደዚያ ወደ ሞራ ገላጭሽ ውሰጂኝ።»

ሳቅሁ። እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ እንደ ልማዳቸው ተሸነፍሽ ብለው ይቁጠሩት።

ሰኞ ለት ሰልፉ ከሆስፒታሉ በር አልፎ መንገድ ወጥቷል። አባቴን የሚያውቅ ሁሉ «የኔታ ይለፉ፣ የኔታ ከፊት ይሁኑ» ሲል ጊዜ «ተዉኝ፣ ለጠንቋይ ተራ መቅደም ነውር ነው» እያሉ ሰልፈኛውን አሳቁት። እኔን ግን አላሳቁኝም። ነርሷ ያለችኝ ነው በጆሮዬ የሚጮኸው፤ ቢነሣም ላያዩ ይችላሉ። ገቡ፣ አንዱ ዓይናቸው ተሠርቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ወጡ፣ ሲነጋ ተመለሱ ተባልን።

በማግስቱ ሐኪሙ ጨርቁን ቀስ አድርጎ አነሣው። ወጣት ነው፣ ሁለት ጣቱን ፊታቸው ዘረጋ። «አባቴ፣ ይኼ ስንት ነው?»

አባቴ ጣቱን ትተው ወደ ጎን ወደኔ ዞሩ። «ያቺ ልጅ የሠራችውን ይዘሻል?» አሉኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁላቸው። የወረቀቱን ጠርዝ ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት። አቀረቡት፣ አራቁት። ቢጫውን ፊት፣ ቀዩን ከንፈር፣ ቡናማውን ባጃጅ አለፉና ዓይን ይሆን የነበረው ቦታ ላይ ቆዩ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል።

«እውነትም ውሃ ነው» አሉ።

ከዚያ ወረቀቱን የያዘውን እጄን ልብ ብለው አዩት።

«ጥፍርሽ ለምንድን ነው እንዲህ ቢጫ የሆነው?»